የዋንዛ አገር፣ የላሜራ በር

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አረንጓዴ ነው። ታች ቡናው፣ ከቡናው በላይ እንሰቱ፣ ከሁሉም በላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሾላው። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ሰፈር ሲገባ ግን የሚያየው ላሜራ ነው። ሰማያዊ ላሜራ፣ ቡናማ ላሜራ፣ አናቱ ላይ የጦር ጫፍ የተደረደረበት ላሜራ፣ አንበሳ የተበየደበት ላሜራ። ከአጥሩ በላይ ዛፍ፣ በአጥሩ መሐል ብረት!

ዛሬ የምናወራው ስለ ግቢ በር ነው። «ሌላ ወሬ ጠፋ ወይ?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሰን። በር ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ በእሱ በኩል ብዙ ነገር ይገባል፣ ይወጣልም። የአናጢው እንጀራ፣ የገበሬው ዛፍ፣ የሰው ከሰው መተማመን ሁሉ እዚያ በር ላይ ይገናኛሉ።

የምንለው ባጭሩ ይህ ነው። የእንጨት በር ከሰፈራችን እየጠፋ ያለው እንጨት ጠፍቶ አይደለም፣ አናጢም ጠፍቶ አይደለም። በአሠሪና በአናጢ መካከል ያለው ውል ስለተበላሸ ነው። ውሉ ከተስተካከለ በሩ ይመለሳል።

ላሜራን አንሳደብም

መጀመሪያ ለላሜራ ፍርድ እንስጥ። ሰው ላሜራ የሚመርጠው ጣዕም ስለሌለው አይደለም። ብየዳ ቤት ስትሄዱ ዋጋው በካሬ ሜትር ይነገራችኋል፤ ወርዱንና ቁመቱን አባዝታችሁ ሒሳቡን እዚያው ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። ብረቱ ከሱቅ ነው የሚመጣው፤ ማድረቅ የለ፣ መሰንጠቅ የለ። ሥራው በቀናት ያልቃል። ምስጥ አይበላውም። ሌባም ቢሆን ላሜራ ሲያይ ትንሽ ያስባል።

ጉድለቱም የታወቀ ነው። ዝናብ በሚበዛበት እንደ ዲላ ባለ አገር ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ሁሉ ዝገት ይጀምራል፤ ከሥር ጭቃ የሚረጨው ጠርዝ ደግሞ ቀድሞ ይበላል። ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ሲዘጋ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ቢሆንም ሰው እነዚህን ሁሉ እያወቀ ይመርጠዋል። ለምን ቢባል፣ ላሜራ ቢያንስ ይደርሳል! የብየዳው ሰው «ቅዳሜ ውሰዱ» ካለ ቢዘገይ ለሰኞ ነው።

የእንጨት በር ላሠራ ያለ ሰውስ? እስቲ የሚገጥመውን እንይ።

«ለሐሙስ አታስብ»

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከእኛ መካከል ያልደረሰበት የለም ማለት ይቻላል። ሰውየው አናጢው ዘንድ ይሄዳል። ከስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ያሳያል። «እንዲህ ዓይነት ነው የምፈልገው፣ ግን ትንሽ ሰፋ ያለ።» አናጢው ፎቶውን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። «ችግር የለውም» ይላል። ዋጋ ይባላል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ግማሹ ቀብድ ይከፈላል። መቼ ይደርሳል? «በሁለት ሳምንት።»

በሁለት ሳምንቱ ሲሄድ እንጨቱ ገና አልተሰነጠቀም። «ለሐሙስ አታስብ» ይባላል። ሐሙስ መብራት የለም። በቀጣዩ ሐሙስ መብራት አለ፣ አናጢው ግን ለቅሶ ሄዷል። በሦስተኛው ሐሙስ አሠሪው የራሱ ነው ብሎ ያሰበውን ጣውላ የሌላ ሰው አልጋ ሆኖ ያገኘዋል። «ጋሼ፣ ይቺ የኔ እንጨት አይደለችም እንዴ?» ቢል፣ «ያንተማ የበለጠ ጥሩ ነው፣ ከይርጋጨፌ በኩል እየመጣልህ ነው» የሚል መልስ አለ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ወር ያልፋል። በመጨረሻ በሩ ይመጣል፤ ይተከላል፤ ያምራልም። ክረምት ሲገባ ግን አይዘጋም፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ በጣውላዎቹ መካከል ጣት ያስገባል።

ከዚህ በኋላ ሰውየው ለጎረቤቱ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ላሜራ አሠራ፣ ተገላገል።»

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «አናጢ ውሸታም ነው» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። እኛ ግን አይመስለንም። ውሸታም የሆኑ አናጢዎች አሉ፤ ውሸታም ሐኪምም፣ ውሸታም ነጋዴም እንዳለው ሁሉ። አንድ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ሲዋሽ ካየን ግን ጥያቄው ስለ ሰዎቹ ጠባይ መሆኑ ይቀራል። አሠራሩ ነው የሚያስዋሻቸው።

ቀብዱ የት ይሄዳል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው አናጢ መነሻ ገንዘብ የለውም። ያለው መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻና እጁ ነው። የእናንተ ቀብድ እጁ ሲገባ ገና እንጨት አልገዛም፤ ከእናንተ በፊት ቀብድ የሰጠው ሰው እንጨት ግን ይጠብቀዋል። ስለዚህ የእናንተ ብር የቀደመውን ሰው በር ይጨርሳል። የእናንተን በር ደግሞ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ቀብድ ይጀምረዋል። ሰንሰለቱ እስካልተበጠሰ ድረስ ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ይዘገያል። አንድ ወር አዲስ አሠሪ ከጠፋ ወይም ልጅ ከታመመ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ መሐል ላይ የቆመው ሰው «ቀብዴን በላኝ» ይላል።

በጌዴኦ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ቡና። የዞኑ ኑሮ የሚዞረው በቡና ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ገደማ እሸቱ ይለቀማል፣ ብር ይገባል። ብር ሲገባ ቤት ይታደሳል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ በር ይቀየራል። ሁሉም ሰው ባንድ ሰሞን አናጢው ዘንድ ይሰለፋል፤ አናጢውም «አይሆንም» ካለ እስከሚመጣው ዓመት ሥራ እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ሁሉንም «እሺ» ይላል። ሁለት እጅ ይዞ የአሥር ሰው ቀብድ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ «ለሐሙስ አታስብ» ከማለት ሌላ ምን ይበል?

አሠሪውስ ንጹሕ ነው ወይ? እኛ እንኳ አይመስለንም። ልኩን አይሰጥም፤ ፎቶ ያሳያል እንጂ ሥዕል አያስነሣም። በሩ ግማሽ ከደረሰ በኋላ «አንድ መስኮት ቢኖረውስ?» ይላል። ዋጋ ሲያስወርድ አናጢው ከየት እንደሚቀንስ አይጠይቅም፤ አናጢው ደግሞ መቀነስ የሚችለው ከእንጨቱ ውፍረትና ከሚደርቅበት ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪውን ሒሳብ ለመክፈልም ሦስት ቀጠሮ የሚያስቆጥር አሠሪ ሞልቷል። አናጢው የእኛን ያህል አፍ ስለሌለው ስሙ አይጠፋብንም እንጂ!

ሕጉ ምን ይላል?

ይህን ጭቅጭቅ አገራችን ድሮ አስባበታለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን በስሙ ጠርቶ ይዳኘዋል። አንቀጽ 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል ይላል። ልብ በሉ፤ ወረቀት ባይኖርም ቀብድ ተሰጥቶ ከተቀበለ ውል አለ ማለት ነው። አንቀጽ 1885 ደግሞ ይቀጥላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ማፍረስ ቢፈልግ ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ሰው ማፍረስ ቢፈልግ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

እጥፍ! በየሰፈሩ ቀብድ ሰጥቶ ወራት የሚመላለሰው ስንቱ ይህን ያውቃል? ቀብድ ተቀብሎ እንጨቱን ለሌላ ሥራ የሚያውለውስ ስንቱ ያውቃል?

እዚያው ሕግ ውስጥ አንቀጽ 2610 እንዲህ ያለውን ሥራ ምን እንደሆነ ይነግረናል፦ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ አሠሪው ደግሞ ዋጋውን ሊከፍል የሚስማሙበት ውል። «የተወሰነ ውጤት» የሚለው ቃል ላይ ቆም እንበል። ውጤቱን ማን ወሰነው? ፎቶው? ፎቶ ውፍረት አያሳይም፣ የእንጨቱን ዓይነት አይናገርም፣ የማጠፊያውን ቁጥር አይቆጥርም። ውጤቱ ካልተወሰነ ፍርድ ቤት ቢኬድስ ምን ተብሎ ይከሰሳል? «ያምራል ብሎኝ አላማረም» ተብሎ?

ፍርድ ቤት ሂዱ ማለታችን አይደለም። ለአንድ በር ተካስሶ በሰፈር መኖር ከባድ ነው፤ ከመካሰሱ በፊት ሽማግሌ አለ። ሽማግሌም ቢሆን ግን የሚዳኘው የተባለውን ይዞ ነው። የተባለው ካልተጻፈ የሁለቱም ወገን «ብዬ ነበር» እኩል ይመዝናል።

እርጥብ ቡና የሚገዛ አለ?

አሁን ወደ እንጨቱ እንግባ፤ የጭቅጭቁ ግማሽ እዚያ ነውና።

አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ውስጡ ውሃ ነው። ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃ ይይዛል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረው ግን በወርዱ ነው፣ በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ እርጥብ ጣውላ ጎን ለጎን ገጥማችሁ በር ካደረጋችሁት፣ ቁመቱ ባለበት ሆኖ ወርዱ ይሸሻል፤ ጣት የሚያስገባው ክፍተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያው እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በሩ ከመቃኑ ጋር ይጣላል። አናጢው መጥቶ ጠርዙን በመላጊያ ይልጋል። በበጋ እንደገና ይከፈታል። እንዲህ እያለ በሩ ያልቃል።

ይህን ለጌዴኦ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማድረቅን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ቡናውን አጥቦ በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ ቀን እያገላበጠ፣ ዝናብ ሲያስፈራ እየሸፈነ፣ እርጥበቱ 11 እና 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። ያልደረቀ ቡና መጋዘን ቢገባ እንደሚሻግት ሕፃኑም ያውቃል። የይርጋጨፌ ቡና ስሙ ከባሕር ማዶ የተሰማው በዚህ ትዕግሥት ጭምር ነው።

ታዲያ እርጥብ ቡና የማይገዛ ሰው እርጥብ እንጨት ለምን ይገዛል? ስለሚቸኩል ነው። አናጢውም የሚያደርቅበት ቦታና ጊዜ የለውም፤ እንጨት ገዝቶ ስድስት ወር ማስቀመጥ ማለት ብሩን ስድስት ወር መቅበር ማለት ነው፣ ብር ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው በር ነው።

ከማድረቁ ሌላ አሠራሩም አለ። ጥሩ የእንጨት በር በሚስማር ብቻ አይያያዝም። የአንዱ እንጨት ጫፍ ተቀርጾ በሌላው በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ መካከል ላይ ያለው ሰሌዳ ሲያብጥና ሲኮማተር የሚንቀሳቀስበት ቦይ ይተውለታል። ጣውላ በጣውላ ተደርድሮ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው በሰያፍ የሚመታ እንጨት ያስፈልገዋል። ይህ ሰያፍ ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ መቆለፊያው በኩል መሄድ አለበት። እንዲህ ሲሆን የመዝጊያው ክብደት በሰያፉ ላይ ተጭኖ ወደ ታችኛው ማጠፊያ፣ ከዚያም ወደ መቃኑ ይወርዳል። ተገላብጦ ከተመታ ግን እንጨቱ መሸከሙ ቀርቶ ሚስማሩን ይጎትታል፤ በዓመቱ የበሩ አፍንጫ መሬት ይነካል። በሰፈራችሁ እየጎተተ የሚከፈት የእንጨት በር ካለ ጀርባውን እዩት፤ ብዙ ጊዜ ሰያፉ የለም፣ ወይም ተገልብጧል።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ አናጢዎች በዲላም፣ በወናጎም፣ በይርጋጨፌም አሉ። የሚያውቁትን እንዲሠሩ ግን አንከፍላቸውም። የምንከፍለው ለላሜራ ዋጋ የሚጠጋ የእንጨት በር እንዲሠሩልን ነው።

ዛፉስ?

እዚህ ጋ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «የደን ያለህ እየተባለ በሚጮህበት ዘመን እናንተ በእንጨት በር አሠሩ ትላላችሁ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ባዶ ደን አይደለም። ረጃጅም ዛፎች ለእንሰቱ ጥላ ሆነው፣ በእንሰቱ ሥር ቡናው በቅሎ፣ መሐል ላይ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርበት እርሻ ነው። ከዚያ መሐል ለአምልኮ የተጠበቁ ደኖች አሉ፤ በተራራው ጀርባ ላይ እንደ ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ ያሉ የትክል ድንጋይ ቦታዎች አሉ። የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም ያጠኑት ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዶክትሬት ያቀረቡትን ሥራ ርእስ የሰየሙት የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት ነው ወይ ብለው በመጠየቅ ነበር። እኛ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር ዛፍ የቆየው ስለታጠረበት ብቻ አይደለም፤ ሥራ ስላለው ነው። ብርብራው ለቡናው ጥላ ነው፣ ቅጠሉ ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው። ዋንዛው ጥላ ነው፤ ሲያረጅ ደግሞ ጣውላ ነው። ገበሬው አንዱን ሲቆርጥ ሥሩ ያሉትን ችግኞች ያውቃቸዋል።

አደጋው የሚመጣው የዛፉ ሥራ ሲጠፋ ነው። አርባ ዓመት የቆመ ዋንዛ ለበርና ለሣጥን የሚፈልገው ሰው ካጣ፣ ዋጋው የማገዶ ዋጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ገበሬው ለልጁ ዋንዛ ከሚያወርስ በጥቂት ዓመት የሚሸጥ ባሕር ዛፍ ቢተክል ወይም ማሳውን ለጫት ቢሰጥ ማን ይፈርድበታል? ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ እኛም ደጃችን ያለውን ዋንዛ ለማገዶ ትተን ብረቱን ከሩቅ እናስመጣለን።

ይህ ማለት ግን ከየትም የተቆረጠ እንጨት ይግባ ማለት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የግልና የማኅበረሰብ ደንንም ያውቃል፣ የደን ውጤት ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓጓዝ ፈቃድ እንዲኖረውም ይጠይቃል። ስለዚህ «ይህ እንጨት ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከገበሬ ማሳ፣ በወረቀት የመጣ ከሆነ እሰየው። ከተጠበቀ ደን በሌሊት የመጣ ከሆነ ግን በዚያ እንጨት የተሠራ በር ለቤቱ ሞገስ አይሆንም። አናጢው ያለ ወረቀት የሚገዛው አሠሪው ስለማይጠይቅ ጭምር ነው።

ለእጅ ሙያ ያለን ንቀት

ገንዘቡም ሕጉም እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን በእጁ የሚሠራን ሰው ስንንቅ የኖርን ነን። አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን ስም እያወጣን ስንሰድብ ኖረናል፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለባሰ ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ልማዱ ግን አለ። የቢሮ ሠራተኛ ቀጠሮ ሲያዛባ «ሥራ በዝቶበት ነው» እንላለን፤ አናጢ ሲያዛባ «ድሮም!» እንላለን።

የሚገርመው፣ የምንኮራበት የጥንት ሥራ ለአናጢ ክብር የሰጠ ነው። አክሱም ሄዳችሁ ታላላቆቹን ሐውልቶች ብታዩ ድንጋዩ የተጠረበው የእንጨት ቤት መስሎ ነው። የወጋግራው ጫፍ አለ፣ መስኮቱ አለ፣ ከሥር ደግሞ በር አለ፤ የማይከፈት የድንጋይ በር ላይ ቁልፍ ሳይቀር ተቀርጾበታል። ያ ጠራቢ የአናጢውን ሥራ ቢንቅ ኖሮ በድንጋይ አይደግመውም ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ማማረር ቀላል ስለሆነ እኛ የሚታየንን እናስቀምጥ። በር ለማሠራት ያሰበ ሰው ከነገ ጀምሮ ሊያደርገው የሚችለው ነው።

1ኛ፦ አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። የበሩ ወርድና ቁመት፣ የእንጨቱ ዓይነትና ውፍረት፣ የማጠፊያው ቁጥር፣ ቀለም ይሁን ቫርኒሽ፣ ማን እንደሚተክለው፣ መቼ እንደሚደርስ። በእጅ የተነሣ ሥዕል ይኑረው። ሁለቱ ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፤ ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን። ለእቁብ የምንጽፈውን ያህል ለበር መጻፍ ያቅተናል?

2ኛ፦ ቀብዱ ይከፋፈል። ግማሹን ባንዴ ከመስጠት፣ እንጨቱ ሲገዛ አንድ ክፍያ፣ ተሰንጥቆና ተልጎ ሲታይ ሁለተኛ፣ ተተክሎ ሲዘጋ ሦስተኛ። አናጢው የእናንተን ብር ለሌላ ሰው በር የሚያውልበት ቀዳዳ ይጠብባል፤ እናንተም ሥራውን በየደረጃው ታዩታላችሁ። ሦስተኛው ክፍያ በዕለቱ ይከፈል። «ለሐሙስ አታስብ» ማለት ለአሠሪም አይፈቀድም።

3ኛ፦ እንጨቱን ቀድማችሁ ግዙ። የቡና ብር በገባበት ሰሞን ጣውላውን ከነወረቀቱ ገዝታችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እያስገባችሁ ከጣራ ሥር ደርድሩት። ነፋስ ይግባበት፣ ፀሐይና ዝናብ አይንካው። መድረቁን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ቁራጭ በሚዛን መዝኑ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መዝኑ። ክብደቱ ከቀነሰ ገና ነው። አናጢውን የምትጠሩት መቀነሱን ሲያቆም ነው። ቡና ያደረቀ እጅ ይህ አይከብደውም።

4ኛ፦ በሩን ኮፍያ አልብሱት። የእንጨት በር ጠላቱ ከላይ የሚወርድ ዝናብና ከታች የሚረጭ ጭቃ ነው። በላዩ ትንሽ ጣራ፣ ከሥሩ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ቢኖረው ዕድሜው ይረዝማል።

5ኛ፦ የተሠራው በር ጥሩ ከሆነ የሠራውን ሰው ስም ለጎረቤት ንገሩ። የመጥፎ አናጢ ስም በአንድ ቀን ሰፈር ይዞራል፤ የጥሩው ስም ግን አንድ በር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ከግለሰብ ከፍ ያለውም ድርሻ አለው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አለ፣ ዲላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። መቀመጫ ከተማ ሲባል ቢሮ ይመጣል፤ ቢሮ ደግሞ በር አለው። ወደ ትክል ድንጋዮቹ የሚሄድ እንግዳም የሚያልፍባቸው በሮች ይኖራሉ። እነዚህ በሮች በአካባቢው ደረቅ እንጨት፣ በአካባቢው አናጢ፣ በተጻፈ ውል ቢሠሩ አንድ የመንግሥት ትእዛዝ የብዙ አናጢዎችን ሰንሰለት ያስተካክላል፤ እንጨት አድርቆ የሚሸጥ የወጣቶች ማኅበርም ሥራ ያገኛል። በዛፍ እርሻው የዓለም ቅርስ የሆነ ዞን እንግዳውን በላሜራ በር ቢቀበል ግን ምን ይባላል?

አናጢዎቹንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። «አይሆንም» ማለትን ልመዱ። አሥር ቀብድ ተቀብሎ ለአሥር ሰው ከመዋሸት፣ አራት ተቀብሎ ለስድስቱ «ከፋሲካ በኋላ ኑ» ማለት ያስከብራል። የሚቀየም ይኖራል፤ ብዙው ግን ይጠብቃል። በቀኑ ያደረሰ አናጢ ዘንድ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል እንጂ ብየዳ ቤት አይሄድም።

እናንተስ በየከተማችሁ ምን ይገጥማችኋል? ከሐዋሳም፣ ከጎንደርም፣ ከአዲስ አበባም ሰው ቢጠየቅ ከቦታው ስም በቀር ታሪኩ የሚለያይ አይመስለንም። በሚቀጥለው ጊዜ አናጢ ቤት ስትሄዱ ግን ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። አናጢው መጀመሪያ ይገረም ይሆናል፤ ልኩን ራሱ ማስጻፍ ሲጀምር ግን የምታሠሩት ከማን ጋር እንደሆነ ታውቃላችሁ።